የጃርቱ ትከሻ

ጭራ ላለው ፍጡር ሱሪ እንዴት ይቆረጣል? በዚያ መንገድ ላይ ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ይዞ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተጨነቀ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ልብስ ሰፊው። መጀመሪያ የአዞውን ጭራ ከቀበቶው በላይ አወጣው፤ አዞው ሱሪው ሊወልቅበት የደረሰ ሰው መሰለ። ቀጥሎ በአንደኛው እግር በኩል ቁልቁል ላከው፤ አዞው ሦስተኛ እግር አበቀለ። በመጨረሻ ከቀበቶው አራት ጣት ዝቅ ብሎ በኋላ ስፌቱ ላይ ቀዳዳ ከፈተ፤ ለቀዳዳውም ባለ ሁለት ቁልፍ ክዳን ሠራለት። ጭራው በክብር ወጣ።

የዚያን ዕለት ሱቁን ሲዘጉ ሚስቱ ፊቱን አየችና፣ «ምን አግኝተህ ነው እንዲህ የፈካኸው?» አለችው።

«አዞው ሱሪ ለበሰ።»

«እሰይ! ብርድ ሊጨርሰው ነበር» አለች፣ የሱቁን ቁልፍ ወደ ቦርሳዋ እየከተተች።

የዚህን ሰው ስም የሚያውቅ ደንበኛ ጥቂት ነው። ሁሉም «ጋሼ ሜትር» ነው የሚሉት፤ የመለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅምና። ለቅሶ ቤት ቢሄድ እንኳ ከኮቱ ሥር ብቅ ይላል። ሠርግ ላይ ሙሽራውን ሲጨብጥ አፉ «እንኳን ደስ ያለህ» ይላል፤ ዓይኑ ግን የሙሽራው እጅጌ ላይ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሙያ እንዲህ ያደርጋል።

ሱቁ ጠባብ ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ የካውያ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጨርቅ። ሚስቱ በበሩ በኩል ባለው መኪና ላይ ተቀምጣ ትቀመቅማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፤ አላፊ አግዳሚውንም ሰላም ትላለች። በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ድምፅ የማይከለክል ስስ ችፑድ ነው። ከችፑዱ ማዶ ፀጉር ቤት አለ።

ሥዕል የጀመረው ካምሳ ዓመቱ ወዲያ ነው። ዝናብ ደንበኛውን ሁሉ ከቤት ያዋለበት ሳምንት ነበር። ከልብስ ቅድ በተረፈ ቡናማ ወረቀት ላይ አንድ ኮት ነደፈ፤ የኮሌታው አቀማመጥ አልገባው ብሎ ነው እንጂ ሥዕል ልሣል ብሎ አልነበረም። ኮቱ ግን አማረ። አምሮም ያለ ራስ መቅረቱ አሳዘነው። የሰው ፊት ቢሥልበት ፊቱ የተላጠ ድንች መሰለ። ፍቆ ደገመው፤ ድንቹ ብሶበት መጣ። ተናደደና በአንገቱ ላይ የፍየል ራስ ሰካበት። ያኔ ፍየሉ ቀና ብሎ አየው። ኮቱንም እንደ ገዛ ንብረቱ ለበሰው።

ከዚያ ወዲያ ማንም አላስተማረውም፤ እሱም ማንንም አልጠየቀም። የሚያውቀው አንድ ጥበብ መለካት ስለሆነ በዚያው ገባ። አንድ ቀን ሥጋ ቤቱ በር ላይ የታሰረች ፍየል አይቶ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ከቀንዷ ሥር እስከ አፍንጫዋ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ከአንገቷ እስከ ትከሻዋ ለካት።

«ልትገዛት ነው?» አለ ሥጋ ሻጩ።

«አይ፣ ልኳን እየወሰድኩ ነው።»

«ሱፍ ልትሰፋላት? እስከ ነገ እንኳ የምትቆይ አይደለችም!»

«እንግዲያው ልፍጠን» አለና እግሯን መለካቱን ቀጠለ።

በሱቁ አንድ ወፍራም መዝገብ አለ። ከፊት በኩል የደንበኞቹ ልክ ተጽፎበታል፤ ደረት ይህን ያህል፣ ወገብ ይህን ያህል። ከኋላ በኩል ደግሞ መዝገቡን ገልብጦ የእንስሶቹን ልክ ይጽፍ ጀመር። «ቀጭኔ፤ ፖስታ አዳይ። አንገት፣ ከሰው አምስት እጥፍ። ኮሌታ፣ ባለ አሥራ ስምንት ቁልፍ።» «ጉማሬ፤ የወለል ሠራተኛ። ጉልበቱ የተለጠፈ።» «ዔሊ፤ ኮት አያስፈልገውም፣ ለብሶ ነው የተወለደው። ኪስ ብቻ ይጨመርለት።» «አንበሳ፤ ጫማ ሰፊ። ጎፈሩ ከክሩ ጋር እንዳይጠላለፍ ወደ ኋላ የታሰረ።»

ሕጉ አንድ ነበር፤ ከአንገት በላይ እንስሳ፣ ከአንገት በታች ሠራተኛ። ሥራ ፈት እንስሳ አልሣለም። «ኮት አምጣልኝና ባለቤቱ ምን ሠርቶ እንደሚያድር ልንገርህ» ይል ነበር። «ክርኑ ካለቀ ጸሐፊ ነው፤ አንድ ኪሱ ከተንጋደደ መዶሻ የሚይዝ ነው። አካልን የሚቀርጸው ሥራ ነው፤ ልብስ ተከታይ ነው።» ይህን ሲናገር የሚሰማው ባይኖር እንኳ ድምፁን ዝቅ አያደርግም።

ከችፑዱ ማዶ ግን ሁልጊዜ የሚሰማው ነበር። ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል፤ ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል። ማጥፊያው የት እንዳለ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ልብስ ሰፊውና ሬዲዮ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተደግፈው ሠርተዋል። አንዱ ወዲህ ሆኖ ያስባል፣ ሌላው ወዲያ ሆኖ ይመልስለታል።

«አንተ ሜትር! አዞው እንዴት አደረ?» ይላል ሬዲዮ በግድግዳው።

«ሱሪው ጠቦት አደረ!»

«ሆዱን ይቀንስ በለው!»

እንዲህ ነበር የሚውሉት።

ታዲያ አንድ ቀን የልጆች ማንበቢያ ቤት ኃላፊ የሆነች ወጣት ሴት መጋረጃ ልታሰፋ መጣች። ጨርቁን ልትመርጥ ቀና ስትል ከካውያው ጠረጴዛ በላይ በመርፌ የተሰኩትን ወረቀቶች አየች። ጨርቁን ረሳችው።

«ጋሼ፣ እነዚህን ማን ነው የሣላቸው?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይሥላቸዋል?»

«የት ተማሩ?»

«እዚሁ ወንበር ላይ።»

ሚስቱ ከመኪናዋ ሳትነሳ፣ «ወንበሩንም ሁለቴ አስጠግነነዋል» አለች።

ኃላፊዋ ሳቀች፤ ከዚያ ግን ጠጋ ብላ አንድ በአንድ አየች። የማንበቢያ ቤቱ ግድግዳ ባዶ መሆኑን፣ ልጆቹ ሲገቡ የሚቀበላቸው ፊት እንደሌለ ነገረችው። አሥር እንስሳ በትልልቁ እንዲሥልላት ለመነችው።

«ልመና አያስፈልግም፣ ልጄ» አለ ልብስ ሰፊው። «እነሱም መውጣት ፈልገዋል።»

በሁለት ወር ዘጠኙን ጨረሰ። አሥረኛው ግን እምቢ አለው። ሰጎን ሞከረ፣ ተወ። ጦጣ ሞከረ፣ ተወ። በዚህ መሃል ፀጉሩን ሊቆረጥ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በመስታወቱ ውስጥ ከኋላው የቆመውን ሬዲዮን አየው፤ አፉ ይናገራል፣ መቀሱ ይናገራል፣ የራሱ ፀጉር ደግሞ ወደ ላይ ቆሟል። ፀጉር አስተካካይ የራሱን ፀጉር ማስተካከል አይችልማ። ጃርት! ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

«አትነቃነቅ፣ ጆሮህን ትፈልገው የለ?» አለው ሬዲዮ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በአንድ ቁጭታ ሣለው። ክፍት አፍ፣ የቆመ እሾህ፣ ነጭ ጋዋን፣ በእጁ መቀስ። ለጃርቱ ልክ አልነበረውምና መዝገቡን ከፊት በኩል ገልጦ የሬዲዮን ልክ ወሰደ። እዚያ ላይ በራሱ እጅ የተጻፈ ነበር፤ «ቀኝ ትከሻ፣ ከግራው ሁለት ጣት ከፍ ያለ።» ለዚህ ነበር ለሬዲዮ በሚሰፋለት ኮት ሁሉ በግራው ትከሻ ሁለት ስፖንጅ፣ በቀኙ ምንም የማያደርገው። ሬዲዮም ኮቱን ሳያጠልቅ ሥራ አይጀምርም፤ ጋዋኑን ከኮቱ በላይ ይደርባል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ትከሻው እንደ ሚዛን እኩል ነበር። በሥዕሉ ላይ ግን ስፖንጅ የለም። የጃርቱ ቀኝ ትከሻ ወደ ጆሮው ተሰቅሏል።

ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ አየችው።

«ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለች። «ስፖንጁ የት ሄደ?»

«ጃርት ስፖንጅ አያደርግም።»

«ጃርት አያደርግም። ሬዲዮ ግን ያደርጋል።»

«ከአሥሩ የሚበልጠው እሱ ነው» አለ። እውነቱን ነበር፤ ይበልጣል። ጥፋቱም እዚያው ላይ ነው፤ ሥራው ሲያምርበት ሰውዬውን ረሳው።

ሥዕሎቹ የተሰቀሉት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ማንበቢያ ቤቱ በልጅና በወላጅ ሞላ። ልጆቹ በዔሊው ኪስ ውስጥ ምን እንዳለ ይከራከራሉ፤ የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ከአንበሳው አጠገብ ቆሞ ደረቱን ነፍቷል። ሬዲዮም ፀጉር ቤቱን ዘግቶ፣ ሰማያዊ ኮቱን አድርጎ፣ የአምስት ዓመት የልጅ ልጁን በእጁ ይዞ መጣ። ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እያለፈ ሲስቅ ድምፁ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ጃርቱ ጋ ደረሱ።

«አባባ! አንተ ነህ!» አለች ሕፃኗ።

«ኧረ እኔ ምኔ እሾህ ነው?» አለና ሳቀ። «በምን አወቅሽኝ?»

«በትከሻው!» አለች። እንዲገባውም የራሷን ትከሻ ወደ ጆሮዋ ሰቅላ ጥቂት ተራመደች፤ ቤት ውስጥ አያቷ ኮቱን አውልቆ ሲንጎራደድ ታየዋለችና። ሌላ ልጅ ተከተላት። ሦስተኛው ቀጠለ። ወዲያው አሥራ አምስት ልጅ አንድ ትከሻውን ሰቅሎ በአዳራሹ ይዞር ጀመር። ወላጆቹ ሳቁ፤ ክፋት አልነበረበትም።

ሬዲዮም ሳቀ። ነገር ግን እጁ ቀስ ብሎ ወጣና የኮቱን ትከሻ ዳሰሰ፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን። የኮቱን ቁልፎች ሁሉ ቆለፈ። የልጅ ልጁን እጅ ይዞ፣ የቀሩትን ሥዕሎች ሳያይ ወጣ።

ልብስ ሰፊው ከማዶ ሆኖ ይህን ሁሉ አየ። ሌላው ሰው ምንም አላየም፤ እሱ ግን የሬዲዮ እጅ የት እንደሄደ አይቷል። ሰው በመለኪያ ፊት ሲቆም እውነቱን ይዞ ነው የሚቆመው። የወደቀ ትከሻ፣ ያጠረ እግር፣ ሲለካ ብቻ የሚሳብ ሆድ። ልብስ ሰፊ ያያል፣ ዝም ይላል፣ በጨርቅ ያቃናል። በዚህ ሙያ ከመቁረጥም ከመስፋትም በላይ የሚኮራበት ነገር ይህ ዝምታ ነበር። አሁን የሃያ ሁለት ዓመት ወዳጁን ልክ አውጥቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

ሰኞ ጠዋት ከችፑዱ ማዶ መቀስ ይሰማል፣ ቶንዶስ ይሰማል፣ ሰው ግን አይናገርም። ማክሰኞም እንዲሁ። ደንበኞች ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ብቅ እያሉ፣ «ሬዲዮ ታሟል እንዴ?» ይሉ ጀመር።

«ባትሪው አልቆ ነው» አለች ሚስቱ ለአንዱ፤ ሰውዬው ሲሄድ ግን ወደ ባሏ ዞረች። «እዚህ ተቀምጠህ ግድግዳ ከምታዳምጥ በበሩ በኩል ግባ። በሩ ከግድግዳው ሦስት እርምጃ ነው።»

ገባ። ደንበኛ አልነበረም።

«ይቀመጡ» አለ ሬዲዮ።

ልብስ ሰፊው ደነገጠ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሬዲዮ «አንተ» ያላለው በዚያች ቀን ብቻ ነው። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«አንቱታውን ተወው» አለ።

«ታላቅ ሠዓሊ በአንቱታ ነው የሚጠራው። ፀጉርዎን ነው?»

ፀጉሩ ከተቆረጠ ገና አሥር ቀኑ ነው፤ ቢሆንም ተቀመጠ። ሬዲዮ ፎጣውን አሰረለትና ዝም ብሎ ከዚህም ከዚያም የማይታይ ነገር ይቆርጥ ጀመር። በመጨረሻ ራሱ መታገሥ አቃተው።

«ለጫማ ሰፊው አንበሳ፤ ለእኔ ጃርት። እሺ፣ ይሁን፤ ፀጉሬ ነው ጥፋተኛው። ግን ይህን ትከሻ ማን ያውቀው ነበር? ሚስቴ ታውቀው ነበር፤ አፈር ለብሳለች። ከእሷና ከቤቴ ልጆች ሌላ አንተ ብቻ።»

«አጥፍቻለሁ።»

«ሰው ፊት ራቁቴን አቆምከኝ።»

«አጥፍቻለሁ አልኩህ። ዛሬውኑ አወርደዋለሁ።»

«ከግድግዳው ታወርደዋለህ» አለ ሬዲዮ ፎጣውን እየፈታ። «ከልጆቹ ጭንቅላትስ በምን ታወርደዋለህ? ትናንት በዚህ በር ሲያልፉ ትከሻቸውን ሰቅለው ነው ያለፉት።»

ልብስ ሰፊው ወደ ሱቁ ተመልሶ አዲስ ወረቀት ዘረጋ። ያው ጃርት፣ ያው አፍ፣ ትከሻው ግን በስፖንጅ የተስተካከለ። ሠርቶ ሲጨርስ ለሚስቱ አሳያት።

«ይህ ማን ነው?» አለች።

«ሬዲዮ ነዋ።»

«አይደለም። ይህ የሬዲዮ ኮት ነው።»

ልክ ነበረች። ጃርቱ ፎቶ ሊነሳ የተቀመጠ ሹመኛ መስሏል። ሥዕል እንዲዋሽ ማድረግ ይችላል፤ እጁ ለዚያ አያንስም። ግን ውሸቱ የተበላሸውን አያቃናም፤ ጥፋት በጥፋት ላይ መደረብ ነው። ወረቀቱን ጠቅልሎ ጣለውና ወደ ማንበቢያ ቤቱ ሄደ።

መሰላሉን ራሱ አቁሞ ጃርቱን ሲያወርድ ኃላፊዋ ከሥር ቆማ ትለምነዋለች። «ጋሼ፣ እባክዎ! ልጆቹ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ እሱ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ምን ጎደለው?»

«እሱ ምንም አልጎደለውም። የሰው ልክ አደራ ነው፤ አደራ በልቼ ነው የሣልኩት። ባለቤቱ ከፈቀደ ይመለሳል። ካልፈቀደ ሌላ እንስሳ አመጣልሻለሁ፤ እሱም አያሳፍርሽም።»

ሥዕሉን ጠቅልሎ ቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ገባ። በዚህ ጊዜ ወንበሩ ላይ አንድ የታክሲ ሹፌር ተቀምጧል፤ ግማሽ ራሱ ተቆርጧል፣ ግማሹ ገና ነው። ልብስ ሰፊው ማን ይስማ፣ ማን አይስማ አላለም።

«ይኸው» አለ። «ያለ ፈቃድህ ወሰድኩት፤ ይኸው መለስኩልህ። ቅደደው፣ አቃጥለው፣ እንደ ፈለግህ አድርገው። ሌላ ቅጂ የለም።»

ሬዲዮ ወረቀቱን ተቀብሎ በመስታወቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። አንዱን ጠርዝ በማበጠሪያ፣ ሌላውን በፓውደር ቆርቆሮ አስያዘው። ቅዳሜ ዕለት ከሰው መሃል አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያየው፤ አሁን ጎንበስ ብሎ ይመረምረው ጀመር። ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ አብሮ ያያል። ልብስ ሰፊው የወረቀት መቀደድ ድምፅ እየጠበቀ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ይህ ሰውዬ ግራኝ ነው» አለ ሬዲዮ።

«ማን?»

«ጃርቱ። መቀሱን በግራ እጁ ነው የያዘው።»

«በቀኝ ነው የያዘው» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሳይጠጋ። በሥራው ላይ ይህን ያህል ይተማመናል።

«ና እየው!»

ጠጋ አለ። አየ። ቀኝ ትከሻው ከመዝገቡ እንደወሰደው በቀኝ ተሰቅሏል። መቀሱ ግን በግራ እጅ ነው። ቀና ብሎ ከፊቱ ያለውን መስታወት ሲያይ ነገሩ ገባው። ትከሻውን ከመዝገብ፣ እጁን ከመስታወት! እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስታወት ያየውን እጅ እንዳለ ገልብጦ ሥሎታል። አርባ ዓመት ሙሉ ደንበኛ በመስታወት ፊት እያቆመ፣ መስታወት ቀኝን ግራ እንደሚያደርግ ለስንቱ ሲያስረዳ የኖረ ሰው! ጀማሪ የማይሳሳተውን ተሳሳተ።

«ተሳስቻለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ተሳስቻለሁ! በመስታወት አይቼ ነው።»

ሬዲዮ ቀስ ብሎ ወደ ሹፌሩ ዞረ። «ሰማህ? ምስክሬ ነህ። ሜትር ተሳሳተ! ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄ ሜትር ሲሳሳት አየሁ!» ከችፑዱ ማዶ የስፌት መኪናው ቆመ፤ ሚስቱ ጆሮዋን ማቅረቧ ነው።

ሬዲዮ ግን አልጨረሰም። ጣቱን በሥዕሉ ላይ አሳረፈ፤ ድምፁም ከቀልድ ወጣ።

«አየህ፣ ይህ ነው ያንገበገበኝ፤ ቅዳሜ ዕለት ምን እንደሆነ አላወቅሁትም እንጂ። አንተ አይደለህ እንዴ አካልን የሚቀርጸው ሥራ ነው የምትለው? እኔ ቀኝ ትከሻዬ የተሰቀለው መቀስ ይዤ ሠላሳ ዓመት እጄን አንስቼ ስለቆምኩ ነው። ስወለድ እንዲህ አልነበረም። ልጆቼን ያሳደግሁበት ትከሻ ነው። አንተ መቀሱን ለግራው ሰጥተህ ቀኙን በከንቱ ሰቀልከው። ያለ ምክንያት የተሰቀለ ትከሻ ምን ይባላል? ጉድለት! ያየው ሁሉ ጉድለት ነው ያየው። መቀሱ በቦታው ቢሆን ኖሮ ሥራዬን ያይ ነበር።»

ልብስ ሰፊው ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ትችት በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም።

«ታስተካክለዋለህ?» አለ ሬዲዮ።

«አንተ ከፈቀድህ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ። ካልፈቀድህ እርሳሴን አላነሳም።»

«የመቀስ አያያዙም ቢሆን ያሳፍራል! አውራ ጣትና መካከለኛ ጣት? በዚህ አያያዝ ሰው አይቆረጥም፣ አጥር ነው የሚቆረጠው። አውራ ጣትና የቀለበት ጣት ነው። አንድ ጃርት እንዲህ ይዞ ሠራ ሲባል ብሰማ ከማኅበራችን አስባርረው ነበር!»

«አሳየኛ።»

ሬዲዮ መቀሱን አነሳና ከሹፌሩ ጆሮ በላይ ይዞ ቆመ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ለካና ራሱን ነቀነቀ። «ጋዋንና ኮት ለብሰህ ልኩ አይያዝም» አለ፤ ካለው በኋላ ግን ጸጸተው፣ ቃሉን ሊመልስም ፈለገ። «ከመዝገቡ እወስደዋለሁ» አለ ቶሎ ብሎ።

ሬዲዮ ወደ መስታወቱ አየ፤ ወደ ሹፌሩ አየ፤ በዚህ መሃል መጥተው በሩ ላይ ተራ ወደሚጠብቁት ሁለት ደንበኞችም አየ። ከዚያ መቀሱን አስቀመጠ። ጋዋኑን አወለቀ። የሰማያዊ ኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታና ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። በሸሚዙ ቀረ። ትከሻው ሁለት ጣት ከፍ አለ፤ ወይም ግራው ዝቅ አለ፤ እንደ ተመልካቹ ነው።

«አሃ!» አለ ሹፌሩ። «እኔ እኮ ኮት ለብሰህ የተወለድክ ነበር የሚመስለኝ።»

«አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ተቀመጥ!» አለ ሬዲዮ፣ መቀሱን እንደገና አንስቶ። አሁን ቀኝ እጁ፣ ክንዱና ትከሻው አንድ ላይ ሲነሱ ልብስ ሰፊው በመዝገብ ያላየውን አየ። ትከሻው የተሰቀለ ሳይሆን ሊነሳ የተዘጋጀ ነበር፤ መቀሱ ገና ሳይጠራው ቀድሞ የሚቆም። እንዴት እስከ ዛሬ እንደ ተዛባ ስፌት ብቻ ቆጥሮት እንደኖረ ገረመው። ከጆሮ እስከ ትከሻ ለካ፤ ከትከሻ እስከ ክርን፣ ከክርን እስከ አውራ ጣት። የፓውደሩን ቆርቆሮ አንስቶ ወረቀቱን ገለበጠና በጀርባው ላይ መሥመር አወጣ።

«ቀና በል። አይ፣ አገጭህን አይደለም።»

«አፌንስ?»

«አፍህ እንደ ተከፈተ ይሁን፤ ዝግ ከሆነ ማንም አያውቅህ።»

«ሰማችሁ? አሁንም ይሰድበኛል!» አለ ሬዲዮ በሩ ላይ ለቆሙት፤ ክንዱን ግን ዝቅ አላደረገም።

«እኔስ?» አለ ሹፌሩ፣ ግማሽ ራሱ የታጨደ ማሳ፣ ግማሹ ጫካ እንደ ሆነ። «ሰዎች፣ እኔ እኮ ሥራ አለኝ! ተሳፋሪ ይጠብቀኛል!»

«አትነቃነቅ!» አሉት ሁለቱም ባንድ ድምፅ።

ልብስ ሰፊው እርሳሱን አሾለና መቀሱን ከያዘው አውራ ጣት ጀመረ።